በእህቴ ምድጃ አጠገብ የታጠፈው ሐዲድ

ከሸለቆው አፍ ጀምሮ እንደ ክር ተወጥሮ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ እኛ ደጃፍ ሲደርስ ለምን እንደሚታጠፍ የሚጠይቅ መንገደኛ አይጠፋም። ኩባንያው «አለት ስለገጠመ ነው» ይላል። አለቱን በዓይኑ ያየ ግን የለም። እኔ መሄጣብኤል በዚያ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት፤ አለቱ የእናቴ ልጅ ነበረች።

ሐዲዱን የዘረጋው ባሏ አሳሄል ፔቲግሩ ነው። ሰውዬው ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰው የጀልባ ቦይ ሲያስቆፍር ነው። ቦይ ደግሞ እንደ ልብ አያስኬድም፤ ውሃው ጸጥ ብሎ እንዲተኛ ከተፈለገ ኮረብታ በመጣ ቁጥር ዳር ዳሩን መዞር ነው። በቅሎ በግማሽ ቀን የምትጨርሰውን መንገድ ጀልባ ተጠማዞ ተጠማዞ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። አሳሄልን ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። «ዕድሜዬን በሙሉ ለኮረብታ ሳጎነብስ ኖርኩ» ይላል። ውሃ ልኩን ከኪሱ አይለይም። እራት ከመቅረቡ በፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያየዋል። በሠርጉ ቀን እንኳ ቄሱ ቃል ኪዳን ሊያስገቡት ሲሉ ጎንበስ ብሎ «ወለሉ በስተግራ ዘሟል» ብሎ ሹክ ብሏቸዋል። እህቴ ኬዚያ ያኔ ነገሩ ቢገባት ጥሩ ነበር።

አልገባትም፤ ተከተለችው። ቦዩ አንድ እርምጃ ወደፊት በሄደ ቁጥር ጓዝ መጠቅለል ሆነ ኑሮዋ። የመጀመሪያ ልጇን የሳንቃ ጎጆ ውስጥ ወለደች፣ ሁለተኛውን ጀልባ ላይ፣ ሦስተኛዋን ዝናብ በሚያፈስ ድንኳን ውስጥ። እኔም ለጥቂት ወር ላግዛት ብዬ ሄጄ እዚያው ቀረሁ። የምንበላው ባቄላና ጨው የበዛበት የአሳማ ሥጋ ነው። ድስቱ ደጅ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ስለሚበስል ዝናብ የጣለ ቀን ሾርባው ለሁሉም ይዳረሳል። ኬዚያ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ጋሪ ላይ ሊጭነው የማይችል ከባድ የዳቦ ምድጃ።

የቦዩ ሥራ ሲያልቅ አሳሄል ሸለቆው መሐል ቤት ሠራላት። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ ምድጃውንና የጭስ ማውጫውን ግን ከቦዩ የውሃ በሮች በተረፈ ጥርብ ድንጋይ በገዛ እጁ ገነባው። ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «በቃ ኬዚያ፣ ከእንግዲህ ጓዝ አትጠቀልዪም፤ ቃሌ ነው» አላት። እሷም ጓዝ የምታስርበትን ገመድ አምጥታ እሳቱ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለሰው ግን ጭሱ ነው አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የባቡር ነገር መጣ። ኩባንያው መስመሩንም ለካ፣ ሥራውንም አሠራ ብሎ አሳሄልን ቀጠረው። ሐዲድ ኮረብታውን ይሰነጥቃል፣ ጎድጓዳውን ይሞላል እንጂ አይዞርም ሲሉት ሰውዬው በሃምሳ ዓመቱ ፍቅር ያዘው። «በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጥ ያለ ነገር ሠርቼ ልሙት» ማለት ሆነ ወሬው ሁሉ። ያ መስመር የመጀመሪያ ያገኘው የወይዘሮ ዮስትን የፖም ዛፎች ነው። እኚህ ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ በሸለቆው ውስጥ በምላስ እኔን የሚስተካከሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አቶ አሳሄል፣ ትንሽ ዘወር ቢል ምን ይጎድልብዎታል?» አሉት።

«መስመር አይታጠፍም፣ ወይዘሮ ዮስት።»

ዛፎቹ ተቆረጡ። ወይዘሮ ዮስት ግንዱን ቤታቸው ጀርባ አስከምረው ዝም አሉ። ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

አሳሄል መስመሩን የለካው ከሸለቆው ሁለት ጫፍ ተነስቶ ነው። መሐሉን ግን ቤቱ ስለሆነ፣ በየቀኑም ስለሚያየው፣ ለክቶት አያውቅም። ከከብቶቹ በረት ጀርባ ያልፋል ብሎ እርግጠኛ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጠን ሳለ ኬዚያ ጎመን ታቅፋ ከጓሮ ገባች።

«አሳሄል፣ ጎመኔ መሐል የቆመው እንጨት ምንድን ነው?»

«ችካል ነው። ሠራተኞቹ ናቸው የተከሉት።»

«ከሱ ቀጥሎ ያለውስ የት ነው የሚተከለው?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ተነስቶ በመስኮት ችካሉን አየ፣ ዞሮ ምድጃውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔን ምን አድርጊ ብሎ እንዳየኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ቤቱን እናንቀሳቅሰዋለን» አለ በመጨረሻ። «ከሥሩ ግንድ አስገብተን በበሬ ይጎተታል። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጉብታው ላይ ደግሞ አየሩም ደስ ይላል።»

«ምድጃውስ?»

«ምድጃ እንኳ አይጎተትም። ይፈርስና ሌላ እሠራልሻለሁ።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«አንቺ እኮ ከቤቱ አትወጪም፣ ኬዚያ። የሚሄደው ቤቱ ነው።»

እህቴ አልጮኸችም። ጎመኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ምድጃው ውስጥ እሳት አነደደች። እሳት እየነደደበት የጭስ ማውጫ ማፍረስ አይቻልም፤ እሱ ካልፈረሰ ደግሞ ቤቱ ንቅንቅ አይልም። ይህን ከአሳሄል የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ በሬዎቹ መጡ። ቤት መጎተት እኛ ዘንድ እንደ ሠርግ ስለሆነ ጎረቤቱም ልብሱን ቀይሮ መጣ። የሠራተኞቹ ካቦ ፊንባር የሚባል ቀይ ጺም ያለው አየርላንዳዊ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«እሜቴ፣ እሳቱን ቢያጠፉልን?»

«ዳቦ ከትቼበታለሁ፣ ፊንባር።»

«ሲበስልስ?»

«ሲበስል የፖም ፓይ አስገባለሁ። ምን ያቆማችኋል? ተቀመጡና ብሉ።»

ተቀመጡ። በሉ። በማግስቱም መጥተው በሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሳይጠሩ በጊዜ ተገኙ። አሳሄል ሲቆጣ ፊንባር ቀበቶውን እያላላ «ጌታው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ገጥሞን አያውቅም፤ ምን ያስቸኩልዎታል?» አለው። በሬዎቹ በበኩላቸው ጎመኑን ጨረሱት።

አሳሄል ግን ሞኝ አይደለም። የማገዶው ክምር እያነሰ መሄዱን አይቷል፤ ስለዚህ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ። ከውሃ ጋር የኖረ ሰው መጠበቅ ያውቃል። ውስጥ እኛ የአጥሩን እንጨት ጨርሰን የዶሮዎቹን ቤት አፍርሰናል። እኔ ወንበሬን ለእሳቱ ሰጥቼ ቆሜ መብላት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ኬዚያ ሦስቱ ልጆቿ ያደጉበትን የእንጨት አልጋ ጎትታ አመጣችና መጥረቢያውን ይዛ ቆመች። ማንሳት አቃታት። ያን ጊዜ አለቀልን ብዬ ነበር።

የጋሪ ድምፅ የሰማነው በዚህ መሐል ነው። ወይዘሮ ዮስት እስከ አፉ በማገዶ የተሞላ ጋሪ እየነዱ ደጁ ላይ ቆሙ።

«ይህ የምን እንጨት ነው፣ ወይዘሮ ዮስት?» አለ አሳሄል።

«አታውቀውም? አንተው ነህ እኮ የቆረጥከው።» አንተ ማለታቸውን ልብ አልኩ። «ደርቋል። ለዳቦ ደግሞ እንደ ፖም እንጨት ያለ የለም። በል ተነስና አራግፍ፤ ቤት ገና ሌላ አለኝ።»

ምን እንደነካው እንጃ፣ ተነስቶ አራገፈ። ለገዛ ጠላቱ ለእሳቱ ማገዶ ሲሸከም ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። የመጨረሻውን እቅፍ ይዞ ሲገባ ኬዚያ ክንዷ እስከ ክርኑ ሊጥ ሆኖ አገኛት። አልጋውና መጥረቢያው አጠገቧ ናቸው። አተኩሮ አያቸው።

«ከስንት ቦታ ነው ያስነሳሁሽ?» አላት።

«እኔ አልቆጠርኩም። ልክ የምትወስደው አንተ ነህ።»

እንጨቱን አስቀምጦ ወጣ። ችካሉን ነቅሎ አመጣና ምድጃው ውስጥ ከተተው። ጥሩ ነደደ።

ለኩባንያው «ማንም የማይሰብረው አለት ገጠመኝ» ብሎ ነገራቸው። ለወይዘሮ ዮስት የፖም ችግኝ በጀርባው ተሸክሞ ሄዶ ተከለላቸው። በቀጥታ መስመር ነው የተከለው፤ እዚያ ላይ እንኳ ራሱን መግታት አልቻለም። ባቡሩ ኩርባው ላይ ሲያዘግም እሳት የሚቆሰቁሰው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ከኬዚያ ፓይ ይቀበላል። አሳሄል ባቡር ሲመጣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ፊቱን ያዞራል። እንዲህ እያሉ አረጁ። ልጆቻቸውም ሐዲድ ተከትለው ወደ ምዕራብ ሄዱ።

ኬዚያ በረዶው ሲቀልጥ ሞተች። ምድጃዋ ቀዘቀዘ። እኔ በአንዲት ትንሽ የብረት ምድጃ ነበር የማበስለው፤ የሷን መንካት አልቻልኩም፣ አሳሄልም ንኪ አላለኝም።

በዚያው ዓመት ከኩባንያው አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣ። ትሁት ልጅ ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ገባ።

«አባቴ፣ ቦታውን ቆፍረን አየነው። አለት የለም።»

«አሁንማ የለም» አለ አሳሄል።

ልጁ አልገባውም። ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ኩርባውን ሊያቀኑት እንዳሰቡ፣ ቤቱን ያለ አንዳች ጉዳት ጉብታው ላይ እንደሚያወጡት አስረዳ። አሳሄል መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ከሸለቆው ጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር። ጣቱን ከዳር እስከ ዳር በላይዋ ላይ አስኬደ።

«ታምራለች» አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ጓዳ ሄደ፤ ከወይዘሮ ዮስት እንጨት የተረፈችውን ይዞ መጣና የኬዚያን ምድጃ አነደደው። ዱቄት ሳህን ላይ ገለበጠ። በሕይወቱ ዳቦ ጋግሮ አያውቅም፤ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ወጣ፣ ሊጡም ከጣቶቹ አልላቀቅ አለው።

«አባቴ፣ እሳቱ መቼ ይጠፋል?» አለ ልጁ ግራ ገብቶት።

አሳሄል እንባውን በክንዱ ጠርጎ ማቡካቱን ቀጠለ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስስቅበት የኖርኩት ሴትዮ እጅጌዬን ሰብስቤ ከጎኑ ቆምኩ።

«ውሃ አበዛህበት» አልኩት። ለልጁም ወንበር አሳየሁት፤ እስኪበስል ቁጭ ይበል።