ዓባይ በረሃን አይወርድም ያልኩት መኪና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይቺን ዋጥ አድርጌ ነው የምነሳው። እናንተ ስሙኝ።

ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ስሠራ የሞተር ብልሽት የሚያነብ መሣሪያ በእጄ ሠራሁ። በእጄ እላለሁ እንዴ? ሽቦውን የበየደችው ዘሃራ ናት፤ ከጎናችን ሞባይል ትጠግን የነበረችው። ፕሮግራሙን እኔ ጻፍኩ። አሮጌ የምሳ ዕቃ ውስጥ ከተን ከመኪና ጋር ስናገናኘው የብልሽቱን ቁጥር ያወጣል፤ የቁጥሩን ትርጉም የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ የሠራልን ቀን እንዴት እንደሳቀች! ወይኔ፣ ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቷ ጋሽ ሰይድ የሞተር መብራት የበራበት መኪና ይዘው መጡ። የዘሃራ አባት አዲስ አበባ ታመው ተኝተዋል፤ ልጄን አምጡልኝ ብለዋል። «እኔ ነኝ የማስታምመው፤ መቼ እንደምመለስ እንጃ» አለችኝ። መሣሪያውን ሰካሁት። ለካ መብራቱ የበራው የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ላልቶ ኖሯል። አጥብቆ መዝጋት ነበር፣ በቃ።

እኔ ግን ምን አልኩ? «ይሄ መኪና ዓባይ በረሃን አይወርድም፤ ይደር» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ እንድትቆይልኝ ፈለግሁ። ጋሽ ሰይድ ያንን ቁልቁለት ስለሚፈሩ አልተከራከሩኝም። በዚያ ሰዓት አውቶቡስም የለም። ዘሃራም «እሱ ካለ አለ ነው» አለች።

በማግስቱ ረፈድ ሲል ክዳኑን አጥብቄ፣ ከባድ ነገር የጠገንኩ መስዬ ሸኘኋቸው። አባቷ ለካ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል፤ ቤተሰቦቿ መንገድ ላይ እንዳትደነግጥ ብለው ደብቀዋታል። የእኛ ሰው ዘመድ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ የእነሱ ቀብር ግን አይዘገይም። እሷ ስትደርስ አፈር ተመልሶባቸዋል። በሕይወት ቢቀር በሬሳቸው እንኳ አልደረሰችም። ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

ከሐዘኑ በኋላ ደወለችልኝ። «አንተ ባትነግረን እኛም ገደል ገብተን ነበር። አላህ ይስጥህ» አለች። መረቀችኝ! እኔን! እኔም «አሜን» አልኩ።

እዚያው አዲስ አበባ ቀረች። በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ ስልኩ እስኪጮህ ዓመቱን ሙሉ እጠብቃለሁ። ለምን አትነግራትም ትሉኛላችሁ? ከነገርኳት አትደውልማ! ያኔ እንዳትሄድብኝ ዋሸሁ፤ ዛሬም እንዳትሄድብኝ ዝም አልኩ። ያው ኃጢአት ነው፤ ገና እየሠራሁት ነው። ታዲያ በየትኛው አፌ ይቅር በይኝ ልበላት?