የሁለት ሰው ሽሮ

ባለፈው ቅዳሜ ከቆቦ ገበያ ሽንኩርቴን ይዤ በባጃጅ ስመለስ ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ኳስ ያዳምጥ ነበር። ቡድኑ ተሸነፈበትና አሰልጣኙን አንዴ ደደብ፣ አንዴ ሆዳም እያለ እስከ ደጄ ድረስ ረገመው። እኔ መቼም ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ልጁ ኳስ የማልወድ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! በጊዜዬ ቆቦ ላይ እንደኔ ኳስ የምትወድ ሴት አልነበረችም።

በስልሳ ስድስት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አክስቴ አስፋልቱ ዳር በነበራት ምግብ ቤት አስተናግድ ነበር። እሑድ ከሰዓት ግን የሚይዘኝ የለም፣ ሜዳ ነኝ። ዳር ቆሜ ግጥም አወርዳለሁ፣ ሰዉ ይቀበለኛል። ምላሴ አያርፍም ነበር፣ ሰውም አላሳርፍ አለኝ፤ ጥፋቱን እንኳ ለብቻዬ አልወስደውም።

ያ ዓመት ክፉ ነበር። የማሽላው አገዳ ራስ ሳይዝ ወገብ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ነፋስ ሲነካው የሚንኮሻኮሸው እስከ ከተማው ይሰማል። ከብቱ ያለቀበት ሁሉ ወደ አስፋልቱ ወጣ። በዚህ መሀል ኳስ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔም ዛሬ እላለሁ። ያኔ ግን ሁለት ሰዓት የሚያስረሳን ነገር እንፈልግ ነበር። የከተማው ነጋዴዎች አዋጥተው ጋሽ ተክሌ የሚባል፣ ድሮ በትልቅ ቡድን የተጫወተ ሰው ከአስመራ አምጥተው አሰልጣኝ አድርገው ቀጠሩልን።

እሱ ከመጣ ወዲህ ግን ሽንፈት በሽንፈት ሆንን። አላማጣ አሸነፈን፣ ወልድያ አሸነፈን። አንጀታችንን የሚያሳርረው ሰኢድን አለማሰለፉ ነበር። ሰኢድ ከዞብል በኩል የመጣ ቀጭን የግራ ክንፍ ነው፤ አምና ያለ እሱ ጎል አናውቅም። ጋሽ ተክሌ ግን ጋቢ አልብሶ ዳር ያስቀምጠዋል። ምነው ሲሉት "ገና አልደረሰም" ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር ነበረኝ። ጋሽ ተክሌ በኮንትራት የሚመገበው እኛ ቤት ነው። ምሳ ሰዓት ይመጣና የሁለት ሰው ሽሮ አዝዞ፣ በሳህን አስጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። ማታም እንዲሁ። ሰው መንገድ ላይ እየወደቀ፣ ቤቱን ዘግቶ የሁለት ሰው ምግብ ለብቻው ይበላል አልኩ። በኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ከሌባ እኩል ነው። ወሬውን ለደጋፊው ያዳረስኩት እኔ ነኝ።

ያቺ ሚጢጢ ከተማ ዋጃ መጥታ በገዛ ሜዳችን ስታሸንፈን ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"ሰኢድን አስቀምጦ እኛን ያስረገጠ፣
አሰልጣኝ አይደለም ሆዱን የመረጠ።"

ሜዳው በሙሉ ተቀበለኝ። ጋሽ ተክሌ ዞሮም አላየን። ሰኢድ ግን ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። በአሰልጣኙ ያፈረ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጋሽ ተክሌ እንደ ልማዱ መጣ። ቤቱ በሹፌሮች ሞልቷል። እነሱ እየሰሙ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት ምግብ ተጠቅልሎ አይወጣም። የሚበላ እዚሁ ሰው ፊት ይብላ" አልኩት። ተቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ሽሮው ቀረበለት። አንድ ጉርሻ ሳይነካ ተነሳና "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ሹፌሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነጋዴዎቹ በሦስተኛው ቀን አሰናበቱት፤ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሄደ አሉ።

በቀጣዩ እሑድ የኛው ልጅ አሰልጣኝ ሆነና ሰኢድን አሰለፈው። እልል አልን። አንዴ ኳስ ይዞ በመስመሩ በረረ፣ አሻማ። ሁለተኛው ላይ ግን ማንም ሳይነካው ተዘረረ። ውሃ ስናፈስበት በረኛችን ያለቅስ ነበር፤ አፉን የከፈተው ያኔ ነው። ሰኢድ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ከወንዙ ማዶ በተከራያት ክፍል አስቀምጦ የሚቀምሰውን ሁሉ ለእነሱ ይሰጥ ኖሯል። ልምምድ ላይ ሲወድቅ ያየው ጋሽ ተክሌ ነው። "ራበው ተብሎ ከሚወራብኝ ብሞት ይሻለኛል" ብሎ ሰኢድ ሁለቱንም እንዳይናገሩ አስምሏቸዋል። የጎበዝ ነገር፣ ለኛ ሰው ረሃብ ከሞት ይልቅ ያሳፍራል። ያ የሁለት ሰው ሽሮ የሚሄደው እዚያ ቤት ነበር። በፍስክ ቀን ሥጋ የማያዝዝ ክርስቲያን አይቼ ምነው ማለት ሲገባኝ! ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላማ። ስስታም ነው ብዬ አለፍኩት እንጂ ከሳህኑ ላይ ማንበብ እችል ነበር።

ያን ቀን ያገኘሁትን ይዤ ሮጥኩ። እናትየዋ በሩ ላይ ተቀምጣለች፣ አንዲት ልጅ ጉልበቷ ላይ ተኝታለች። ሁለተኛዋ የት አለች ብዬ ጠየቅኋት።

"አብሽሪ ልጄ፣ ሐሙስ አላህ አሳርፏታል" አለችኝ። እኔን ታጽናናኛለች! ቀጠለችና፣ "ያ ደጉ ሰውዬ ምነው ቀረ? ታመመ እንዴ?" አለች።

"አዎ፣ ትንሽ አሞታል" አልኩ።

እሷም ልጅቷን ቀስ አድርጋ አወረደችና ሁለት እጇን ዘርግታ ዱአ አደረገችለት። "አላህ ያሽረው፣ ደጁን አይዝጋበት" አለች። እኔም፣ ደጅ የዘጋሁበት፣ እጄን ዘርግቼ "አሚን" አልኩ።

ሰኢድ ተርፏል፤ ብዙም ሳይቆይ እናቱንና እህቱን ይዞ ወደ አሰብ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጋሽ ተክሌ ደሴ ይግባ አይግባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለንስሐ አባቴ ግጥሙንም፣ ሽሮውንም፣ የሕፃኗንም ነገር ተናዝዣለሁ። ያቺን "አሚን" ግን አልነገርኳቸውም። ይኸው ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ ዛሬም ለመናገር አፍራለሁ።