የገነቴ አስተርጓሚ

ጵርስቅላ በሆሳዕና አንድ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆና የተቀጠረችው በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ነው። አባቷ ሀዲያ፣ እናቷ የዱራሜ ከምባታ ስለነበሩ ሁለቱን ቋንቋ ከቤቷ፣ አማርኛውን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ይዛለች። መጀመሪያ ሥራው ቀላል መስሏት ነበር። እያደር ግን የሰው ሁሉ ሕመም በእሷ አፍ ያልፍ ጀመር። ከቦኖሻ በኩል ወባ የያዘው ሲመጣ «ብርድ ብርድ ይለኛል» የምትለው እሷ፣ ምጥ የያዛት ስትመጣ «ወገቤ ተቆረጠ» የምትለው እሷ። ቤቷ ስትገባ ባሏ ወልደየሱስ «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት ለመመለስ እንኳ አፏ ይከብዳት ነበር።

ገነቴ የመጣችው በክረምት ነው። ከዱራሜ አካባቢ ተድራ መጥታ ባሏ የፈታት ወጣት ሴት ስትሆን ወንድሟ ኤሊያስ ቤት ተጠግታ ትኖራለች። ክንዷን የምታቆስለው በራሷ እጅ ነበር። ቁስሉ ታስሮላት ትሄዳለች፤ ሳይሽር በሌላ ቁስል ትመለሳለች። ጎረቤት ሰይጣን ነው አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጸለዩላት። ኤሊያስ «እኛን ለማዋረድ ነው» ብሎ ተቆጣ። እሷም ዛሬ እንደ እናቷ የወደደችውን ሰው፣ ነገ ሰላምታ ቢነፍጋት እንደ ጠላት ታየዋለች።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪው ዳኘ፣ ቀድሞ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ቤት ሠርቷል። አንድ ቀን ክንዷን አስሮ ሲጨርስ ወደ ጵርስቅላ ዞረ።

«ረቡዕ ከሰዓት ትምጣ በያት። ብትቆስልም ባትቆስልም ትምጣ፤ እንነጋገራለን።»

«ሳትቆስል ምን ብላ ትመጣለች?» አለች ጵርስቅላ።

«ሳትቆስልም የሚሰማት ሰው እንዳለ እንድታውቅ ነዋ። ቆስላ ስትመጣ ግን አስሬ እሸኛታለሁ። ወሬው ለረቡዕ ይቆያል።»

በዚህ ተጀመረ። ዳኘ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ምን ሆነ? ማን ምን አለሽ? ያኔ ምን ተሰማሽ? ገነቴ በከምባትኛ ትመልሳለች። «ሁሉም ትተውኝ የሄዱ ይመስለኛል። ውስጤ ባዶ ይሆናል። ራሴን እጠላለሁ።» ጵርስቅላም ድሬሰሩን እያየች «ራሴን እጠላለሁ» ማለት ነበረባት። ቃሉ ከበዳት። ከዚያ ወዲህ «እሷ እንዲህ ትላለች» እያለች መተርጎም ጀመረች።

ያ ስሜት ሲመጣ ብቻዋን እንዳትቀመጥ ተስማሙ። እንሰት ከሚፍቁት የጎረቤት ሴቶች ጋር ሄዳ እየሠራች እስኪያልፍላት ትቆያለች፤ ካላለፈላት ሳትቆስል ወደ ክሊኒኩ ትመጣለች። አንዳንዴ ሆነላት፤ ብዙ ጊዜ አልሆነላትም።

አንድ ረቡዕ ገነቴ ተናዳ መጣች። ዳኘን ትታ ጵርስቅላ ላይ ጮኸች። «አንቺ ግድግዳ ነሽ! እኔ እየነደድኩ አንቺ ታዛጊያለሽ!»

ጵርስቅላ አልተረጎመችም። «ደክሞኛል» አለቻት በከምባትኛ። «ከጠዋት ጀምሮ የሰው ሕመም ስናገር ነው የዋልኩት። ያንቺም ያደክመኛል።»

ገነቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። ትነሣና ትወጣለች ብላ ጵርስቅላ ፈራች።

«ምን አለችሽ?» አለ ዳኘ።

«እኔ ነኝ ያልኳት። ደክሞኛል አልኳት።»

«እውነትሽን ነው። የሚመጣው ረቡዕ ግን እንደምትመጪ ጨምረሽ ንገሪያት።»

ነገረቻት። «ደክሞሽም ትመጫለሽ?» አለች ገነቴ።

«እመጣለሁ።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ጵርስቅላ ስትደርስ ገነቴ ቀድማ መጥታ ደጅ ተቀምጣ ነበር።

ዳኘ ወደ ሐረር ሲዛወር ገነቴ ሕመሟ ክፉኛ ተመለሰባት። አዲሱ ድሬሰር ቁስል ማሰር እንጂ ወሬ መስማት ሥራው እንዳልሆነ ተናገረ። ጵርስቅላ ልትተወው አሰበች፤ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ረቡዕ ሲመጣ ግን ከገነቴ ጋር ክሊኒኩ ጀርባ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዳኘ የሚጠይቀውን እሷ ጠየቀች። የሚተረጎምለት ሰው ስላልነበረ ንግግሩ አጠረ፤ ዝምታውም በዛ። ገነቴ በሌላ ቀን ቆስላ ስታስጠራት አልሄደችም። ቤቷ ሆና ጎመን ከተፈች። ወልደየሱስ «ሂጂላት እንጂ፣ ጨካኝ ሆንሽ?» አላት። «ቁስሏን ድሬሰሩ ያስርላታል። እኔ ረቡዕ አለሁላት» አለችው፤ ሌሊቱን ግን አልተኛችም።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ቁስሉ እየራቀ መጣ፤ ጨርሶ ግን አልቀረም። ገነቴም ጠባይዋ አልለዘበም፤ ከኤሊያስ ሚስት ጋር ተጣልታ ሀደሮ ወዳለችው አክስቷ ሄደች። ስትሄድ ጵርስቅላን አልተሰናበተቻትም።

ጵርስቅላ ከጊዜ በኋላ ለሠርግ ሀደሮ ሄዳ ገበያ ውስጥ አገኘቻት። ገነቴ ቅቤ ትሸጣለች።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብላ ተቆጣቻት። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ሲመጣብኝ አክስቴ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። እሷም ትሰለቻለች፤ ግን አታባርረኝም» አለች።

«መሰልቸቷ አይቀርም» አለች ጵርስቅላ።

ሁለቱም ሳቁ። ጵርስቅላ ወደ ሆሳዕና የምትመለስበት የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ተሳፍራ የእህል ጆንያ ተደገፈች፤ መንገዱ ቢያንገጫግጫትም ከሀደሮ ሳይርቁ እንቅልፍ ወሰዳት።