ሁለት ሰው የቀረው የውይይት ክበብ

በአብዮቱ ዘመን ወጣት የታሪክ መምህር ሆኜ ከጎንደር ሐረር ስመደብ የውይይት ክበብ አስገቡኝ። ስለ ወዛደሩ መደብ አነሣሥ እናነባለን፣ እንከራከራለን። ችግራችን ሁላችንም አስተማሪና ጸሐፊ መሆናችን ነበር፤ ወዛደር የለንም። ለልጁ ሚስት እንደሚፈልግ አባት ከተማውን ዞረን ከዘይት ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ አገኘንና የክብር ቦታ ሰጠነው። ንባብ ሲጀመር ያንቀላፋል። የሌላውንና የራስን ጥፋት ወደምንናገርበት ሂስና ግለ ሂስ ስንደርስ ግን ንቅት ይላል፤ በተለይ እኔን ለመተቸት።

በመጨረሻ ከክበቡ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እኔ አልወለድኩም፣ ሚስቴም ካረፈች ቆይታለች። ከጁገል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ያለውን ቤቴን የሚያንኳኳ ከእሱ ሌላ አልነበረም። እሑድ የከሰዓት በኋላውን የአስር ሰላት ሰግዶ ጫቱን ይዞ ይመጣ ነበር። እሱ ይቅማል፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ፤ ከዚያ ስብሰባው ይቀጥላል።

«ጓድ መምህር፣ በዚህ ሳምንት ጎረቤትህን ሰላም አላልክም። ወላሂ፣ ኮርተሃል።»

«ሂሱን ተቀብያለሁ» እላለሁ። የተቀበለ ያርማል፣ ደንባችን ነው። በማግስቱ ጎረቤቴን ደጃፉ ድረስ ሄጄ ሰላም እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ልጁ አዳማ ሊወስደው እንደሆነ እሱ ራሱ ነገረኝ። ዓይኑ ደክሟል፣ ብቻውን መኖር አይችልም። ድንጋጤዬን ለመደበቅ ጉዳዩ በአብላጫ ድምፅ ይወሰን አልኩት።

«ሁለት ነን እኮ፣ እኩል ለእኩል ነው የምንወጣው» አለና ሣቀ። እኔ መሣቅ አቃተኝ።

ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት፣ ፋብሪካ የተበታተነውን ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ መደብ እንደሚያደርገው ነው። የተሰበሰበው መልሶ ሲበተን፣ የቀረው ሰው ከማን ጋር እንደሚያወራ ያነበብኳቸው መጻሕፍት አይናገሩም። ከተማሪዎቼም የጠየቀኝ አልነበረም።

ሚኒባሱ እስከሚነሣበት ሸዋ በር ድረስ ሸኘሁት። ልጁ ሻንጣውን ሲያስጭን እጄን ያዘኝ።

«ጓድ፣ ሂስ ካለህ አሁን ተናገር።»

«ትተኸኝ መሄድህ» አልኩት።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አለና፣ በልጁ ክንድ ተደግፎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ሂስ ተቀብሎ ሳያርም ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።