ባዶው ቀፎ

የልጅ ልጄ ሌንሳ እዚህ አምቦ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ ለቆራሌ ሊሸጣቸው ካወጣቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች አምስቱን ለምና፣ ለልጆቹ መማሪያ ልታደርጋቸው ቤት አመጣች። እስከ ነገ አንዷ እንኳ ካልሠራች ሁሉም ወደ ቆራሌው ናቸው። ሰዎች ሠርተው በነጻ የሚያድሉት፣ አሮጌ ኮምፒውተር የማይከብደው ፕሮግራም አለ አለችኝ። እሱን በሲዲ አንዷ ውስጥ አስገባችና ቁጭ ብለን ጠበቅን። ኋላ ከውስጥ እምም የሚል ድምፅ ተሰማ።

ያ ድምፅ ይዞኝ ልጅነቴ ገባ። ንቦቹ ጥለውት የሄዱ ቀፎ ነበረን።

"ፍለጠውና ላንድደው" አለች እናቴ።

"ቀፎው ምን አደረገ? የሄዱት እነሱ" አላት አባቴ። አልገባኝም።

አሮጌውን ሰፈፍ ጠራርጎ አወጣ፣ በወይራ ጭስ አጠነውና ዛፍ ላይ ሰቀለው።

"ንቡንስ ከየት ልትገዛው ነው?" አለችው እናቴ።

"ንብ ይገዛል እንዴ? ቤቱን ከወደደው ራሱ ይመጣል።"

እናቴ በየቀኑ ቀና ብላ አይታ ትስቅበት ነበር። አንድ ረፋድ ግን እንደ ደመና የጠቆረ መንጋ መጣና በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ተግተልትሎ ገባ። ጆሮዬን ግንዱ ላይ ብለጥፍ፣ ዛፉ ከውስጡ የሚናገር መሰለኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

"አኮ፣ ተነሳች እኮ" አለችኝ ሌንሳ፤ አያቴ ማለቷ ነው። መስታወቷ ቦግ ብሎ በርቷል። "አሮጌውን ከውስጧ ጠርጌ ነው አዲሱን የጫንኩባት።"

ሄድኩና ሁለተኛዋን ታቅፌ አመጣሁላት።