የበራችን አበባና የስልኩ መምህር

በስልኩ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ መምህር አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አድርገው ሲያሳዩ፣ «ውይ፣ የበራችን አበባ!» ብዬ ሳቅሁ። ዘመድ በቴሌቪዥን ያየሁ ነው የመሰለኝ። ትልቋ ልጄ ግን አልሳቀችም።

«እማ፣ መርዝ ነው እያሉ እኮ ነው» አለችኝ። «ቅጠሉም፣ አበባውም፣ እንጨቱም።»

«በይ እንግዲያ ማንም እንዳይነካው» ልል አፌን ስከፍት፣ ከጎኔ ቅርጭ ቅርጭ የሚል ነገር ሰማሁ። የሰባት ዓመቷ ትንሿ ልጄ እግሯን ዘርግታ መፋቂያ ታኝካለች።

አገሬ ወሎ ነው። መቀሌ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው፣ እሱ ነጋዴ ነው። ልጆቼ እዚሁ ተወልደው፣ እርስ በርስ ሲጣሉ በትግርኛ፣ ከእኔ የሆነ ነገር ሲፈልጉ በአማርኛ ነው። ትልቋ ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ እዚሁ ከተማ ካለው ግቢ የዕፅዋት ትምህርት ትማር ነበር። የአስተማሪው እንግሊዝኛ እየሮጠ ሲያመልጣት፣ በግቢው ዋይፋይ ቪዲዮ አውርዳ ትመጣና ማታ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታያለች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። መጀመሪያ «ተክል ለማወቅ ደግሞ ስልክ! እኛ በመኮትኮቻ ነው ያወቅነው» እያልሁ አሾፍባት ነበር። ኋላ ግን ራሴ ሱስ ያዘኝ። ሽንኩርት ይዤ እቀመጥና «በይ ሽማግሌሽን ክፈቻቸው» እላታለሁ፤ እሷም እየተረጎመች ትነግረኛለች። አንድ ቀን፣ ሽንኩርት ብለን የምንልጠው ቅጠል ነው አሉ። ይሄ ነገር ስንት ቀን አልተዋጠልኝም። ዕድሜ ልኬን ቅጠል ስልጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው?

ወደ መፋቂያው ልመለስ። ባሌ ያለ ወይራ መፋቂያ አይሰግድም፣ ከኪሱ አይለየውም። ትንሿ ደግሞ አባቷ ያደረገውን ሁሉ ካላደረገች አትተኛም። እሱ ያን ሰሞን ዕቃ ሊያመጣ ወልድያ ሄዷል፣ መፋቂያዎቹም አብረውት ሄደዋል።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኋት።

«አባ ነው የሰጠኝ» አለች፣ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ እያየች። የቤታችን አከራይ፣ ትግራዋይት አሮጊት፣ ያቺን አበባ የነካ ልጅ ቂጡን እገርፋለሁ ብለው ምለዋል። ቅጠሉም ቀጭን ነው፣ ለከተማ ልጅ ወይራ ይመስላል።

ትልቋ እንጨቱን ነጥቃ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ሽማግሌው ቀደም ብለው ያስተማሩት ነገር ነበር፤ ቅጠል ሲወድቅ እንጨቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ የወይራ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይተያያል፣ የዚህኛው ግን ሦስት ሆኖ ዙሪያውን ይከባል። በጥፍሯ እየነካች አዞረችው።

«ሦስት ነው፣ እማ።»

«መርዝ አኘከች!» ብዬ ስጮህ አከራያችን ሰምተው ሮጠው መጡ። «ዋይ ኣነ! ወተት! ቶሎ ወተት አጠጫት ጓለይ፣ ልጄ!» አሉ። እኔም ሌላ ምን አውቃለሁ? ወተት ቀድቼ አፏ ላይ ሳደርስ፣ ትልቋ ኩባያውን በእጇ ከደነችው።

«ተይ እማ! አፏን አጉመጥምጫት እንጂ ምንም አትስጫት። አታስመልሻትም። ተክሉን ይዛችሁ በፍጥነት ሐኪም ቤት ሂዱ ነው የሚሉት ሽማግሌው።»

«እናቴ ስንቱን በወተት አድናለች! ስልክሽ ወልዶ ያውቃል?»

«መርዙ የሚይዘው ልብ ነው። ልብ የሚያይ መሣሪያ እኛ ቤት አለ?»

ኩባያውን መሬት አስቀምጬ አፏን በውሃ አጉመጠመጥኋት።

አከራያችን ያንን የማይነካ አበባቸውን ራሳቸው ገንጥለው አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ አስያዙኝ። ባጃጅ ውስጥ ሮዝ አበባ ታቅፈን ስንገባ ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ፈገግ አለ።

«መርዓ ድዩ ኣደይ? ሰርግ ነው እናቴ?»

«የምን ሰርግ! ሐኪም ቤት ንዳ!»

ፈገግታው ጠፋ። «ኣይዞኺ ኣደይ» አለና ባጃጁን መኪና ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ እንደዚያ ነዳው። እንደ ኳስ ነጠርን።

«እማ፣ ልሞት ነው?» አለች ትንሿ።

«ማን ፈቅዶልሽ!» አልኋት።

ያኔ ነው እውነቱን ያወጣችው። «ከበሩ ነው የቆረጥሁት። ሲመረኝ ተፋሁት፣ ከዚያ ደግሞ አኘክሁት።»

«ከመረረሽ ለምን ደገምሽው፣ ልጄ?»

«የአባም ይመራል እኮ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት። ቅርንጫፉን ስታይ ብዙም አልጠየቀችን። ከሰል የመሰለ ጥቁር ነገር በጥብጠው አጠጧት፤ ከንፈሯ ድስት ሲፍቅ የዋለ መሰለ። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጠፉባትና ማሽኑ መስመር ይስል ጀመር። መስመሩን እኔ አላነበውም። የሐኪሟን ፊት ግን አነባለሁ፣ ሌላ ሥራም አልነበረኝም። ግንባሯን ስትቋጥር ነፍሴ ትወጣለች፣ ስትፈታው ትመለሳለች። ትልቋ እጄን ይዛ «እማ፣ ተንፍሺ» ትለኛለች።

እስከ ነጋ ድረስ አልለቀቁንም። ጠዋት ሐኪሟ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀለችና፣ «ልቧ በልኩ ነው የሚመታው። ምንም የለባትም፣ ወደ ቤት ውሰጃት» አለችኝ።

ትንሿም ወዲያው «እማ፣ ራበኝ» አለች። ከዚያ የሚጣፍጥ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሜ ለባሌ ደወልሁለት። ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። «ምን ሆናችሁ?» አለኝ።

«ትናንት ፈርተን ነበር» አልሁት። «አሁን አልፏል። ልጃችን ድናለች፣ አልሐምዱሊላህ። ደህና ነን።»