አሥራ አንድ ደብተርና ዘጠኝ ኪሎ በርበሬ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየዓመቱ ፆም ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ምላሴን፣ ቁጣዬን፣ ያስቀየምኩትን ሰው ሁሉ ስዘረዝር ኖሬአለሁ። ይህን ግን እዘለዋለሁ። ሃያ ዓመት ዘለልኩት። ረስቼው ነው እንዳልል፣ አንድም ቀን አልረሳሁትም።

የማኅበራችን ሰዎች በወረርሽኙ ያረፉብንን የሚያስታውስ መጽሔት ሊያወጡ ነው። ስለ ባለቤቴ ስለ ወርቅነህ አንድ ገጽ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። «እትዬ አስካለ፣ መልካም መልካሙን ይጻፉልን» አሉኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ነገር ማሳመር አላውቅበትም። መልካም መልካሙን ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ ያደረግሁትን እጽፋለሁ። ካልፈለጋችሁት አታትሙት። ካተማችሁት ግን አንድ ቃል እንዳትነኩብኝ።

ወርቅነህን ላስ ቬጋስ ውስጥ የምታውቁት «ደራሲው» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጣችሁለት አክብራችሁት አልነበረም። ካዚኖ ውስጥ አንሶላ የሚያጥፍ ሰው በእረፍት ሰዓቱ «ስለ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሰዎች አሥራ አንድ ደብተር ጽፌ ነበር፤ ስመጣ መንገድ ላይ ጠፋብኝ» ይላችሁ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ፊት ለፊት፣ አብዛኞቻችሁ ከኋላው ትስቁበት ነበር።

አምና ሲሞት ቤት ውስጥ ለቅሶ መቀመጥ አልተቻለም። ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያለው አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ ወንበር ዘርግታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ተራርቃችሁ ተቀመጣችሁ። በደህናው ጊዜ ለቅሶ ላይ የሚታማው በጆሮ ነው። ያን ቀን ግን መራራቃችሁ ጉድ አደረጋችሁ፤ የምትንሾካሾኩትን መጮህ ነበረባችሁ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ያ መጽሐፍ እንግዲህ የት ሊገኝ ነው?» አለ ሽፈራው። ዓመታት ሙሉ በአንድ ሺፍት አብሮት አንሶላ ያጠፈው ሽፈራው።

«ባቡሩ ላይ ነዋ!» አለው አንዱ ከማዶ።

«ባቡሩ ራሱ ነበረ ወይ?»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ እትዬ አስካለ እዚያ ላይ ናቸው!»

«እሳቸውማ ያውቁታል። አንድ ቀን እንኳ ‹አዎ፣ ነበረ› ሲሉ ሰምተሃል?»

እውነቱን ነው። ማንም ሰምቶኝ አያውቅም። ያን ቀንም አልሰማችሁኝም። ሬሳው ገና አፈር ሳይለብስ ባሌን ውሸታም ሲሉት ሰምቼ፣ በረንዳውን ዘግቼ ገባሁ።

እንዲህ ዝም ያልኩት እኔ ማን ነኝ? ፍርድ ሲጓደል ዝም አትልም የምትሏት አስካለ ነኝ። ሆቴል ክፍል ሳጸዳ በነበረ ጊዜ አንዲት ሜክሲካዊት ባልደረባዬ የእንግዳ ጉትቻ ወስዳለች ተብላ ልትባረር ስትል፣ በዚያ ስብርብር እንግሊዝኛዬ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ቆሜ «ዩ ሲ? ዩ ኖ ሲ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ያላየኸውን ሌባ አትበል ማለቴ ነበር። ጉትቻው ከአልጋው ሥር ተገኘ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አወራሁላችሁ? ስንት ጊዜስ አጨበጨባችሁልኝ? እኔ በዚያው ጊዜ ቤቴ ውስጥ፣ ያላየሁትን ሰው ሌባ አድርጌ እኖር ነበር።

ከመጀመሪያው ልናገር።

ወርቅነህ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዝጋቢ ነበር። ጣቢያው የማይፈልጋቸውን ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን የመዝገብ ደብተሮች ወደ ቤት እያመጣ፣ ከሥራ ሲመለስ ይጽፍባቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ጻፈ። ማን ከየት መጥቶ ጣቢያው በር ላይ እንደቀረ፣ ማን ማንን ሸኝቶ እንደቆመ፣ ማን ምን ይሸጥ እንደነበር። አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ላንብብልህ ብዬው አላውቅም። እሱ ሲጽፍ እኔ የማየው ጀርባውን ነው። ለጎረቤት «እኔ ያገባሁት ጀርባውን ነው» እያልኩ አስቅ ነበር። ሲስቁ እኔ አልስቅም ነበር።

ዲቪው የደረሰው ለእሱ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ አንደኛው ሻንጣ ከተፈቀደው በዘጠኝ ኪሎ በለጠ። ወርቅነህ ሸኚዎቹን ሊሰናበት ወጣ ብሏል። ሚዛኑ አጠገብ የነበርነው እኔና ወንድሜ በላቸው ነን። ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግቼ ከፈትኩት። ከላይ በርበሬው አለ፤ ራሴ ቀንጥሼ፣ ራሴ አስፈጭቼ፣ በላስቲክ ደርቤ ያሰርኩት። ከሥሩ በዱቄት ከረጢት የተሰፉት ደብተሮች አሉ። አሜሪካ በርበሬ አታገኚም ብለውኛል። ሁለቱንም በእጄ አነሳሁ፤ ክብደታቸው አይለያይም። አንዱ መውጣት አለበት። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል።

ደብተሮቹን አወጣሁ።

«ይሄ የጋሼ ወርቅነህ አይደለም እንዴ?» አለኝ በላቸው።

«አስቀምጥልኝ። ሰው ሲመጣ ትልከዋለህ።»

ሰልፉ አጣደፈኝ ብል ትቀበሉኛላችሁ? አትቀበሉኝ። እጄ አላመነታም። ያን ከረጢት ስሰጥ ቀለል አለኝ፤ የቀለለኝ ሻንጣው ብቻ አልነበረም። በአዲሱ አገር ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል ብዬ ነበር።

ያው ሻንጣ ዘግይቶ በሦስተኛው ቀን መጣልን፤ ቁልፉ ተሰብሯል። ወርቅነህ ተንበርክኮ አንድ በአንድ አወጣ። ሲጨርስ ባዶውን ሻንጣ ገልብጦ አራገፈው።

«አስኩ፣ ደብተሮቼስ?»

«ተሰብሮ የመጣ ሻንጣ ነው። ወስደውብሃል።»

«በርበሬ ትቶ ደብተር የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

«የፈረንጅ ሌባ በርበሬ ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

ሳቀ። አምኖኝ ሳቀ። ከዚያ አውቶቡስ እየቀያየረ አራት ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ተመላለሰ፤ የሚናገረውን እንግሊዝኛ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ መንገድ ላይ እያጠና። በመጨረሻ ፎርም ሰጡት። ፎርሙ የጠፋው ዕቃ ዋጋ ስንት ነው ይላል። «ሃያ ሁለት ዓመት» ብሎ ሞላው። ተቀባዩ አንብቦ ፈገግ አለና ወረቀቱን መለሰለት። ይህን ሲነግረኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። መክተፌን አላቆምኩም። በሳምንቱ ሁለት መንገድ ተሻግሬ የሐበሻ ሱቅ አገኘሁ፤ በርበሬው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ያመጣሁትን ግማሹን ለሰው አደልኩት።

እስከዚህ ያለውን ይቅር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የሚቀጥለውን ስሙ።

ደብተሮቹ አልጠፉም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ በላቸው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበሩ። በየበዓሉ ሲደውል «እህት ዓለም፣ ያን ከረጢት የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ልስጠው?» ይለኛል። እኔ «ተወው፣ አሁን አይሆንም» እለዋለሁ። ደብተሩ ከመጣ ውሸቴ አብሮት ይመጣል። ስድስት ዓመት፣ ስንት ፋሲካ፣ ስንት እንቁጣጣሽ፣ ስልኩን ይዤ ኩሽና ገብቼ «ተወው» አልኩ። ወርቅነህ ሳሎን ተቀምጦ «በላቸው ነው? ሰላም በይልኝ» ይለኛል። ሰላምታውን አደርስ ነበር። በዚህ ታማኝ ነበርኩ።

ከዚያ የበላቸው ሰፈር ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። ተጣድፎ ኮንዶሚኒየም ገባ። «እህቴ፣ ከረጢቱ እዚያው ቀርቶ አፍርሰውበታል፤ ዝናብም ዘንቦበት ነበር» አለኝ። እኔ «ይሁን» አልኩት። የአንድ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ጭቃ ሲሆን «ይሁን» አልኩ።

ወርቅነህ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ምሥራቁ ተራራ አድርጎ ተቀምጦ ከትዝታው እንደገና መጻፍ ጀመረ። የዚህ አገር ሙቀት ልክ የድሬ ነው ይል ነበር፤ የጎደለው ሰዉ ነው ይላል። ትዝታው ግን እየሳሳ ሄደ። እኔን ይጠይቀኛል።

«አስኩ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ሰዓት የሚጠግነው ግሪክ ስሙ ማን ነበር?»

አውቀዋለሁ። የጋብቻ ሰዓቴን የጠገነልኝ ሰው ነው፤ እንዴት አላውቀውም?

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

«በረዶ የምትሸጠዋስ? ያቺ ቀይዋ?»

«ረሳኋት።»

«አንቺ እኮ ቡና የምትጠጪው እሷ ቤት ነበር!»

«ረሳሁ አልኩህ! እዚህ ኑር፣ ወርቅነህ! ሥራችን እዚህ፣ ቤታችን እዚህ፣ የምንቀበረው እዚህ! ባቡሩ ሄዷል!»

ጮኼበት ነበር። የተናደድኩት በናፍቆቱ አይደለም። አንድ ስም ብሰጠው «ይህንን በሦስተኛው ደብተር ጽፌው ነበር» ይለኛል፤ ያንን መስማት አልችልም ነበር። ደብተሮቹን አንድ ጊዜ ወሰድኩበት። ስሞቹን ግን በየቀኑ ወሰድኩበት። ጭንቅላቴ ውስጥ ቁልጭ ብለው ተቀምጠው፣ ሰውየው ፊቴ ቆሞ እየለመነኝ፣ ከለከልኩት። ከዚህ የባሰ ምን ስርቆት አለ?

ሆስፒታል ሲገባ አያስገቡንም ነበር። አንዲት ነርስ ስልክ ፊቱ ላይ ይዛልን አየሁት። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ይሰማኛል። አሁን ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ምግብ በልተሃል?» አልኩት። በቱቦ ለሚተነፍስ ሰው! የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ልብሱን ለሰው ልሰጥ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ደብተሩን አገኘሁት፤ አሥራ ሁለተኛውን፣ እዚህ የጻፈውን። ለመጀመሪያ ጊዜ የባሌን ጽሑፍ ተቀምጬ አነበብኩ። ጣቴን እያስኬድኩ፣ ቀስ ብዬ። ያምራል። ያምራል! ያን ሁሉ ዓመት ጀርባውን ሳይ፣ ከፊት ለፊቱ ይህ ነበር። ስሙ የጠፋበት ሰው ሲያጋጥመው መስመር አስምሮ ክፍት ይተወዋል። «ከጣቢያው ፊት ለፊት ______ የሚባል ሰዓት ጠጋኝ ነበር» ይላል። ገጹ ሁሉ ተሸንቁሯል። ሽንቁሩ ሁሉ የእኔ ነው።

ስለዚህ እስክሪብቶ አነሳሁ። ሰዓት ጠጋኙ ሙሴ ያኒ ነው። በረዶ የምትሸጠው ፋጡማ ናት፤ እግረ ቀጭኗ ፋጡማ። የፉርጎ ቁጥር ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ዘበኛ አቶ ዋቅጅራ ነው። ባሏን ስትጠብቅ በየቀኑ ፌርማታው ላይ የምትቆመው ሴት ወይዘሮ የሺ ናት፤ እሱ «ስሟን ማንም አያውቅም» ብሏል፤ እኔ አውቃለሁ፣ ጎረቤቴ ነበረች። ሁሉንም ሞላሁ። አንድም አልረሳሁም። ሰው እየለመነ ሳልሰጥ፣ ከሞተ በኋላ ሰጠሁ። ይህንን ደግነት ብላችሁ እንዳትጠሩብኝ።

ሽፈራው፣ አሥራ አንዱም ደብተሮች ነበሩ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ በእጄ አንስቻቸዋለሁ። ባሌ ውሸታም አልነበረም። ውሸታሟ በረንዳው ላይ የነበረችው ናት። አሥራ ሁለተኛው ቤቴ ነው፤ ና አንብበው፤ አንብበህ ስትጨርስ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመህ ያን ቀን እንደጮህከው ጩህ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። የእናንተ አይደለም፣ ልትሰጡኝ አትችሉም። ሊሰጠኝ የሚችለውን ሰው ምግብ በላህ ወይ ብዬ ሸኝቼዋለሁ።

የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ብሏል፦ «ደብተሮቼን የወሰደው ሰው ______ ይባላል። ስሙን ባውቅ ስለ እሱም እጽፍ ነበር። አማርኛ የማያነብ ከሆነ ምን አደረጋቸው? የሚያነብ ከሆነ ግን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቶ አይቷቸው ይሆን?» ጠርጥሮኝ ይሆን እያልኩ ራሴን ማጽናናት አልፈልግም። አልጠረጠረኝም። ያምነኝ ነበር።

አላየኋቸውም፣ ወርቄ። አንድም ጊዜ አልከፈትኳቸውም።

ያቺን ክፍት ቦታም ሞላኋት። በእስክሪብቶ፣ ከነአባቴ ስም፦ አስካለ ደምሴ።